የመምህራን ድስት

ክልሉ ገና አዲስ፣ የቢሮዎቹም ቀለም ያልደረቀ ሳለ፣ አሶሳ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ትእዛዝ መጣ። የተማሪ ምሳ ብስኩትና ስኳር የበዛበት ሻይ መሆኑ ይቅር፤ ለጤና የሚበጀው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ነው ተባለ። አርብ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ልጆቹ አንበላም ካሉ ወጥ ቤቱ ይዘጋል።

ሰኞ ዕለት ልጆቹ ገንፎውን አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ይሄማ ቤታችንም ሞልቷል! ብስኩቱስ?" አለች የሦስተኛ ክፍሏ ሂባ። ሌሎቹም ተከትለዋት ውልቅ!

ወጥ ሠሪዋ ውድነሽ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣች፣ ድምፅዋ ገበያ የሚበትን ሴት ናት።

"ይቅርባችሁ!" አለች ጭልፋዋን እያወዛወዘች። "ከነገ ጀምሮ ይሄ ድስት የመምህራን ነው። ጣቱን የሰደደ ልጅ ወዮለት!" በሩን ከረቸመችና ቁልፉን ጉያዋ ከተተችው።

ማክሰኞ ድስቱ ተልሶ ተገኘ።

"ሌባ! ኧረ የሌባ ያለህ!" ውድነሽ ግቢውን አናወጠችው። "ጋሽ ሱለይማን፣ እርስዎ ዘበኛ ነዎት ወይስ የሌባ አጃቢ?"

የዘበኛው የሱለይማን ሆድ ደግሞ ከቀበቶው ቀድሞ የሚሄድ ነው። ሰው ሁሉ ሆዱን አየ።

"ወላሂ እኔ አልበላሁም! አንተ ውድነሽ፣ ለምን ሆዴን ታያለህ?"

ሴቷን ወንድ ሲያደርጋት ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ አቶ በቃሉ ግን አልሳቁም። "እስከ አርብ ሌባው ካልተያዘ ሌላ ዘበኛ እፈልጋለሁ" አሉ።

ሱለይማን ቤት ሙሉ ልጅ የሚያሳድገው በዚችው ዘበኝነት ነው። ወጥ ቤቱን ቢዞር፣ በስተጀርባ የቀርከሃው ግድግዳ ተቀዷል። ልጅ የምታሾልክ ቀዳዳ! ስንጣሪው ደጅ፣ ሣሩ ላይ ተበትኗል። ጠራርጎ ጣለና ቀዳዳውን በገመድ ሰፋው።

ረቡዕ ተከፍቶ አገኘው፤ ስንጣሪውም እዚያው ደጅ። ድስቱ ባዶ። ውድነሽማ ከትናንቱም ባሰባት።

"ሌባ መያዙ ካቃተዎት ይቺን ቢላዋ እንኳ ይሳሉልኝ፤ ዶልዱማ አልቆርጥ ብላለች!"

እያጉረመረመ ሳለላት። ሐሙስም ያው ሆነ።

አርብ በምሳ ሰዓት ከማንጎው ሥር አደፈጠ። ወዲያው የሂባ እግሮች ቀዳዳው ውስጥ ሹልክ አሉ። ከኋላዋ ሦስተኛ ክፍል በሙሉ ተሰልፏል፤ ለመምህር እንኳ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅ!

"ያዝኩ!" አለ፣ በልተው ሲወጡ ጠብቆ።

አቶ በቃሉ እየሮጡ መጡ። አብረዋቸው ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ የወርቅውሃ ነበሩ። ልጆቹ እስከ ጆሯቸው ባሚያ በባሚያ ሆነዋል።

"ሌላው ጋ ብሉ ሲባሉ ያለቅሳሉ፤ እዚህ ጭራሽ ይሰርቁታል?" ወይዘሮዋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ይሄማ ወጥ ቤት አይዘጋም!"

ሱለይማንም ከነሆዱ ዘበኝነቱ ጸናለት። ማታውኑ ቀዳዳውን እጥፍ ድርብ አድርጎ ሰፋው። ውድነሽ ብቻ "የመምህራኑን ድስት!" እያለች ስትራገም አመሸች።

ሰኞ ማለዳ፣ ተማሪ ሳይገባ፣ ስፌቱን ሊያይ ሄደ። ስንጣሪ እግሩ ላይ ጠብ አለ። ደገመ። ቀና ቢል፣ ከውስጥ በኩል ቀርከሃውን እየገዘገዘች ብቅ ጥልቅ የምትለው፣ እሱ ራሱ የሳላት ቢላዋ ናት።