የሙሽራዋ ጣት

ፀደይ ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና ከተማ በተዳረች በሦስተኛው ወር ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ ሞላ። ሙሽራ ከስታ ከታየች የሚታማው አማት ነው፤ አማቷ እትዬ ገነቴ ደግሞ ለሐሜት በር የሚከፍቱ ሴት አልነበሩም። ቆጮውን በቅቤ አርሰው ያቀርቡላትና እስክትጨርስ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ጎረቤት ሲመጣ "እስቲ ተነሺ፣ ይዩሽ" ይላሉ።

አንድ ቀን ቢላዋ ጣቷን ጫር አደረጋት። ያች እዚህ ግባ የማትባል ቁስል አልድን አለች። መገለች፣ ክንዷ አበጠ፣ ትኩሳት ጣላት። ባሏ ሚክያስ ክሊኒክ ወሰዳት።

"ነጭ የደም ሴሎች የሰውነት ዘበኞች ናቸው" አላት ዶክተር ሱራፌል። "ጀርም ሲገባ ቁስሉ ድረስ ሄደው ይውጡታል። ያንቺዎቹ ቁጥራቸው ሙሉ ነው፤ ቁስሉ ጋ ግን አይደርሱም። ክኒን ትወስጃለሽ?"

"ኧረ ምንም።"

"ለመወፈር የሚወሰድ አለ። ፊት ይሞላል፣ ዘበኞቹን ያስተኛል። በዚህ ከቀጠለ ጣትሽ ቀርቶ ነፍስሽም ያሰጋል።"

ፀደይ ባሏን አየችው። ሚክያስ አቀርቅሮ ነበር።

ቤት ስትደርስ ቆጮው ቀርቦ ጠበቃት። "ብዪ እንጂ ልጄ" አሉ እትዬ ገነቴ።

ክኒኑን ቆጮው ውስጥ የሚጨምሩት እሳቸው ናቸው ብላ ደመደመች። እንደ እናት የተጠጋቻቸው ሴት ናቸው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኼ ነው። ክህደቱ ከቁስሉ ይልቅ አመማት።

ከዚያ ወዲያ የአማቷን ምግብ እየደበቀች ለውሻው ሰጠች። የምትበላው ከተዳረች ጀምሮ እናቷ ትርፊት በየገበያው ቀን ከአንጋጫ የምትልክላትን በቅቤ የተለወሰ በሶ ብቻ ሆነ። ክንዷ ግን ይብስ አበጠ። ውሃውም ውስጥ ጨምረዋል ማለት ነው አለች በልቧ።

ልብሷን ሸክፋ ስትወጣ እትዬ ገነቴ በሩ ላይ ቆመው እንባቸው ወረደ። "ምን በደልኩሽ ልጄ?"

ፀደይ አልፋቸው ወደ መናኸሪያው ሄደች።

አንጋጫ ስትደርስ እናቷ አቅፋት አለቀሰች። "ስድርሽ እንኳ 'እንጨት ነው የዳረችው' ብለው ስቀውብኝ ነበር። አሁን ደግሞ እንዳትከሺብኝ። በይ ጋደም በይ፣ በሶሽን ላዘጋጅ።"

ፀደይ በእናቷ አልጋ ላይ ያለ ስጋት ተኛች። የሙቀጫ ድምፅ ሲቀሰቅሳት ተነሥታ ወደ ጓዳ ብቅ አለች።

ትርፊት ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከመቀነቷ ጫፍ የፈታቻቸውን ትንንሽ ነጭ ክኒኖች ከተቆላው ገብስ ጋር ትወቅጥ ነበር።