ሦስት ነፍስ

ጎርፉ ከሜዳው መውረድ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ወደ ደጋ መሸሽ የሚቻለው በጀልባ ብቻ ነው፤ የደጋው በር ጠባቂዎች ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ ከሦስት ነፍስ በላይ አያስገቡም። አራተኛ ከተገኘ፣ አራስ ሕፃን እንኳ ቢሆን፣ ጀልባዋ ከነሰዎቿ ትመለሳለች።

ኡሞድ ለራሱ፣ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ ለአሪየትና ለእናቱ ለአባንግ የመንገድ ስንቅ እያዘጋጀ ነበር። የበቆሎ ዱቄቱን በየከረጢቱ ሲሞላ አሪየት አየችው።

«የእማማ ለምን አነሰ?»

ኡሞድ ቀና አላለም። «እስክትወልጂ ይበቃታል።»

«ከዚያስ?»

መልሱን የሰጠችው ጥግ ላይ መረብ ትጠግን የነበረችው አባንግ ናት። «መጀመሪያ አዋልድሻለሁ፤ ከዚያ ከጀልባዋ እወርዳለሁ። አታልቅሺ፣ ልጁን ታስደነግጪዋለሽ።»

ጉዞው ሲጋመስ ምጡ መጣ። አባንግ የልጅ ልጇን ተቀበለች፤ እትብቱን ቆርጣ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ለእናቱ ሰጠች። ኡሞድ ጀልባዋን ጫፉ ከውሃው በላይ ወደቀረ ዛፍ አስጠጋ። አባንግ ቅርንጫፉን ይዛ ወጣች። ወደ ኋላ ዞሮ አላያትም።

ሕፃኑ ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ይዞት ሞተ። ኡሞድ ያን ጊዜ ጀልባዋን አዙሮ ወደ ዛፉ ከነፈ፤ ቅርንጫፉ ላይ ግን ማንም አልነበረም።

የደጋው በር ሲደርሱ ጠባቂው ቆጠራቸውና፣ «ሁለት ብቻ ናችሁ? የአንድ ሰው ቦታ ተርፏችኋል። ዘመድ ካላችሁ ሄዳችሁ አምጡ» አላቸው።

«የለንም» አለ ኡሞድ፤ የሚስቱን እጅ ሊይዝም እጁን ዘረጋ።

አሪየት ወተት ያራሰውን ቀሚሷን በሁለት እጇ ሸፍና በሩን ብቻዋን አለፈች።