በግ የለበሰው ማሊያ

የሰው ዓይን መፍራታችን ማሊያችን ጀርባ ላይ በቁጥር መብራት ከጀመረ ወዲህ፣ ቁጥሩ ከሃምሳ ያለፈበት ተጫዋች ከሜዳ ይባረራል። እኔ ብቻዬን ስሮጥ አስር ነኝ፤ ተመልካቹ "አርባ ገባ!" እያለ ሲጮህብኝስ ምን ልሁን?

ማሊያው የለባሹን ጠባይ ይለምዳል ሲሉ ሰምቼ፣ በሰፈሩ ዋንጫ ዋዜማ ለጎረቤቴ ለእትዬ አልታዬ በግ አጠለቅኩለት። በግ ማንን ያፍራል? የፋሲካ በግ መሆኑን ረስቼው! እትዬ ቢላ ይዘው ብቅ ሲሉ ዘጠና ዘጠኝ ገባ።

በማግስቱ ገና ኳስ ሳልነካ ያው ዘጠና ዘጠኝ በራብኝ። "ምነው፣ ሊያርዱህ ነው እንዴ? ውጣ!" አለኝ አሰልጣኙ።

ተናድጄ ቤት ገባሁ። ልጄ ምንትዋብ የትምህርት ቤት ማሊያዋን ለብሳ ግቢ ውስጥ ኳስ ታንከባልላለች። "እስቲ አቀብይኝ" ስላት ቁጥር የሚበራበትን ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

"አባዬ፣ መጀመሪያ ዓይንህን ጨፍን።"