የማቡኪያው ክዳን

«ባለቤቱንማ መክሰስ አንችልም፣ ጋሼ» አለ ጠበቃው ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ።

መካኒኩ ጆሮውን ማመን አቃተው። ሴት ልጁ ከጎኑ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በሻርፗ ሸፍናለች። ትሠራበት የነበረው ዳቦ ቤት ሊጥ ማቡኪያ ማሽን ጣቶቿን ከቆረጠባት ወዲህ ያንን እጅ ለማንም አታሳይም። እሱም እዚያው ዳቦ ቤት ማሽን ጠጋኝ ነበር። ዛሬ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን አስተኩሶ የመጣው ባለቤቱን ፍርድ ቤት ሊገትር ነው።

«እንዴት አይከሰስም? ዳቦ ቤቱ የማን ሆነና?»

«የኩባንያ ነበር። ኩባንያ ደግሞ በሕግ ዓይን ራሱን የቻለ ሰው ነው። ፈርሷል። በስሙ አንድ በርጩማ እንኳ የለውም።»

«ሰውየው ግን አልፈረሰም! ትናንት መንገድ ላይ አይቼዋለሁ፣ እየሳቀ!»

ጠበቃው ሕጉን እኔ አላወጣሁት በሚል ዓይነት እጆቹን ዘረጋ። መካኒኩ ግን እንዲህ በዋዛ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትስ? አንድ ቀን ብቅ ብለው አያውቁም። ባለመምጣታቸው አይከሰሱም ተባለ። ማሽኑን የሸጠውስ? እሱማ ሲሸጠው እጅ የማያስገባ የብረት ፍርግርግ ክዳን ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ለሆነው ምን አገባው? ጠበቃው በሩን ሁሉ አንድ በአንድ፣ በትሕትና ዘጋበት። አንዲት ፍሬ ልጅ እጇን አጥታ፣ የሚጠየቅ አንድ ሰው ከምድር ይጥፋ?

«ተስፋ አይቁረጡ እንጂ» አለ ጠበቃው። «አንድ ሰው ይቀረናል። ክዳኑን ያወለቀው ማነው?»

መካኒኩ የኮቱን ቁልፍ ይፈታ ይቆልፍ ጀመር።

«ብሎኑን በገዛ እጁ የፈታ ሰው አለ አይደል? ባለቤቱ አዞት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ማንም ሳያዘው ከሆነ ግን በግሉ ይጠየቃል። እሱ እንደ ኩባንያ አይፈርስ! እንዲህ ዓይነቱን ሰው እኔ አልለቀውም።»

መካኒኩን ማንም አላዘዘውም። ሊጥ በተፋቀ ቁጥር ክዳኑን መፍታትና መግጠም ማሽኑ ላይ የሚሠሩትን ልጆች አሰልችቷቸው ነበር። በዚህ የተነሳ ቤታቸው የሚገቡት መሽቶ ነው። አንድ ቀን የራሱ ልጅ «አባዬ፣ በናትህ አውልቅልን» ስትለው አወለቀላቸው፤ አጨበጨቡለት። ክዳኑን በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ እነሱም ሻርፓቸውን ይሰቅሉበት ጀመር። ባለቤቱ መጥቶ ራቁቱን የቀረውን ማሽን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ክዳን አየ። ትንፍሽ ሳይል ኮቱን ሰቀለበትና አለፈ።

ይህን ነገር አባትና ልጅ አንስተውት አያውቁም። እነዚህን ወራት ሁሉ ማታ ማታ አብረው ባለቤቱን ሲራገሙ ነው የከረሙት። ከዚያ በቀር የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም።

«አንቺስ እህቴ፣ ሰውየውን ታውቂዋለሽ?» አለ ጠበቃው ወደ ልጅቷ ዞሮ።

መካኒኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱን እንኳ እኔ…»

«አናውቀውም» አለች ልጅቷ። «እኔ ሥራ ስገባ ወልቆ ነው ያገኘሁት።»

ጠበቃው አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ልጅቷን አየ። «እንግዲያው ምን ላድርጋችሁ?» አለ፤ እስከ በር ሸኛቸው።

መካኒኩ ኮሪደሩ ላይ እንደወጡ ሊያመሰግናት ፈለገ፣ ይቅርታም ሊላት ፈለገ። ዝቅ ብሎ ሲያይ የጫማዋ ክር ተፈትቷል። ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚያስርላት እሱ ነው። የሚያደርግላት ነገር የተገኘለት መሰለውና ፈጥኖ አጎነበሰ።

«ቆይ፣ ልሰርልሽ።»

እግሯን ሳብ አደረገች።

«ተወው አባዬ።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። በግራ እጇ ክሩን ጫማዋ ውስጥ ወተፈችና ደረጃውን መውረድ ጀመረች። እሱ ሁለት እጁን እንደዘረጋ፣ እንዳጎነበሰ ቀረ።