የቀይዋ መኪና ወለል

ባትላሜራው ላግባ ብሎ ከተነሳ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሙሽራዋ አለች። ቤቱም ተከራይቷል፤ አልጋው እንኳ ገብቶ ተነጥፏል። የቀረው የአንዲት አሮጌ መኪና ወለል ብቻ ነው።

መኪናዋ ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ስፖርት መኪና ናት። የሙሽራዋ እናት በሕይወት ሳሉ ይነዷት ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ዝገት ጋጣት። ባትላሜራው አግቢኝ ብሎ ሲጠይቃት ልጅቱ እሺ አለችና አንድ ነገር ብቻ ጨመረች።

«ከዚህ ቤት የምወጣው በእማዬ መኪና ነው። በሌላ አልወጣም።»

ልቡ ተነካ። የተጣመመ ሲያቃና፣ የዛገ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነውና «በሁለት ወር ውስጥ ቁልፏን እሰጥሻለሁ!» ብሎ ፎከረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። የበሰበሰውን ይቆርጣል፤ አዲስ ላሜራ ይበይዳል። ብየዳው ሳያልቅ ከተቀባ ቀለሙ ስለሚቃጠል፣ ወለሉ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ ብረቱ እርቃኑን ይከርማል። ታዲያ በሳምንቱ ሲመለስ ያ ያማረ ብረት ቡናማ ሆኖ ይጠብቀዋል። ይፈገፍጋል፣ ደግሞ ይዝጋል። በወሩ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያገኛል፤ ደግሞ መቁረጥ ነው።

«አሁንም?» ትለዋለች ልጅቱ ትከሻውን እያሻሸች። «አይዞህ፣ የዛሬን ተወውና ምሳህን ብላ።»

ሲወጣም ከበር ትመልሰዋለች። «ስትመጣ ሁለት ኪሎ ጨው ያዝልኝ እሺ? አባዬ ያበጠ እግሩን ይዘፈዝፍበታል።»

ይዞ ይመጣል። አማቱን ማስደሰት የማይፈልግ አማች የት አለ?

አንድ ቅዳሜ ግን ነገሩ የሰመረ መሰለ። ዝገቱ ትንሽ ነበር፤ የመጨረሻውን ላሜራም በየደ። ሮጦ ወጥ ቤት ገባና «በሚቀጥለው ሳምንት እንቀባታለን!» አላት። የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደስታ ሰው ያስለቅሳል ሲባል ሰምቶ ነበር፤ ይኸው በዓይኑ አየ።

በሳምንቱ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ዝጎ ጠበቀው።

የሥራ ባልደረባው ቀለም ቀቢው ነገሩን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ ሞኝ! እሱ ዝገት ከሰማይ አልወረደም። ሰውየው ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅቱን ከወሰድክባቸው ማን ያበስልላቸዋል? መድኃኒታቸውንስ ማን ያስታውሳቸዋል? ጨው ደግሞ እቤታቸው ሞልቷል።»

«አባባ? ኧረ አያደርጉትም!»

«ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።»

ከዚያ ወዲያ ባትላሜራው ሌላ ነገር ማየት ተሳነው። አባትየው በማለዳ ከጋራዡ አይጠፉም፤ እሱ ሲደርስ እጃቸው እርጥብ ነው፣ የመኪናዋ ሥር ውሃ አቁሯል። ሲጠየቁ ደግሞ መልሳቸው ያበሳጫል።

«አባባ፣ ይኼን ውሃ ማን አፈሰሰው?»

«እኔ። ቤቴ አይደል እንዴ?»

ቆየት ብለው ፈገግ ይሉና «ይቺ መኪና ሁለት ሰው ብቻ ነው አይደል የምትይዘው? እኔን ጥላችሁኝ ልትሄዱ ነዋ!» ይላሉ። ቀልድ ነው እንዳይባል ዓይናቸው አይስቅም።

ሲብስበት ለልጅቱ ነገራት።

«አባዬን?» ብላ ጮኸች። «አታፍርም?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምናልባት ብቻውን መቅረት ፈርቶ ይሆናላ። እንዳትናገረው፣ በሞቴ። የምትወደኝ ከሆነ ትንሽ ታገሥ።»

በጣም ይወዳታል። ታገሠ። አራት ወር ታገሠ። በአምስተኛው ግን ትዕግሥቱም እንደ ላሜራው ተበሳሳ።

ያን ቅዳሜ ሦስት ሰዓትን አልጠበቀም። ገና ጎህ ሲቀድ መጣና የጋራዡን በር በራሱ ቁልፍ ቀስ አድርጎ ከፈተ። አባትየው ከመኪናዋ አጠገብ ተንበርክከዋል። ባልዲ ከጎናቸው አለ፤ እጃቸው በእርጥብ ጨርቅ ወለሉን ያብሳል።

«ያዝኩዎት!»

አባትየው ደንግጠው ጭንቅላታቸውን ከመሪው ጋር አጋጩ። «እሽሽ! ቀስ በል፣ ትነቃለች።»

«ትንቃና ትይዎት! ሦስት ዓመት ሙሉ አንጀቴ አረረ፣ አባባ! ሰው ልጁን ቢወድ እንዲህ ነው? ባህር ማዶ አልወስዳት፤ ሁለት መታጠፊያ አልፋ እኮ ነው ቤታችን! ጠዋት ማታ ትመጣልዎት ነበር!» ጣቱን ወለሉ ላይ አሳርፎ ላሰው። ምላሱ ተኮማተረ። «ይኸው! ጨው!»

«ጨው ነው» አሉ አባትየው ግንባራቸውን እያሹ። «አሁን ደግሞ ባልዲውን ቅመሰው።»

በንዴት ጣቱን ነከረና ቀመሰ። ደግሞ ነከረ፤ ደግሞ ቀመሰ። ቅንጣት ጨው የሌለበት ንጹህ የቧንቧ ውሃ ነው።

አባትየው ሌላ ጨርቅ ነክረው፣ ጨምቀው አቀበሉት።

«በል፣ አንተ በዚያ ወገን እጠብ፤ ልጄ ማታ የረጨችውን ብቻዬን ሳጥብ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ወገቤ አለቀ።»