ግሎ ያደረው ካውያ

ይህን የነገረችኝ የዋና ሰፊው ሚስት ናት፤ አጥር ተደግፈን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በሞቴ፣ ለማንም እንዳታወሪ» ብላኛለች። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ አላወራሁም፣ ጻፍኩት እንጂ።

ስፌት ቤቱ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ስድስት የእግር መኪና፣ አንድ የኤሌክትሪክ ካውያ፣ ጥግ ጥጉን ደግሞ ጉልበት የሚደርስ የጨርቅ ቁርጥራጭ። ዋና ሰፊው እዚያ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ክሩን በመርፌ የሚያስገቡለት ሴቶቹ ናቸው፤ የጨርቅ እንከን ግን በዳበሳ ያወጣል። «የጋሼ ዓይን ጣቱ ላይ ነው» ይሉታል። ካውያው የሚበራውም የሚጠፋውም ግድግዳው ላይ ያለችውን አንዲት መጫኛ ጠቅ በማድረግ ነው። ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ እሷን ተጭኖ በሩን የሚቆልፈው እሱ ነበር።

አንድ ቀን የእሳት አደጋ ባለሙያ መጣ። ቁርጥራጩን አስጠረገ፤ በጣቃ የታፈነውን የጓሮ በር አስከፈተ፤ አሸዋ በባልዲ አስቀመጠ።

«ይቺ መጫኛዋ ላይ ያለች ቀይ መብራት ከበራች ካውያው አልጠፋም ማለት ነው» አለ። «ሁሉም የሠራበትን ራሱ ያጥፋ። መጨረሻ የሚወጣው ደግሞ ያረጋግጥ።»

ኃላፊነቱን ለዋና ሰፊው ሰጠው። እሱም መመሪያውን ሁለቴ አስነብቦ በቃሉ ያዘው።

ከሁሉ ይበልጥ የፈራችው ልብስ ተኳሿ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጅ የምታሳድገው በዚያ ካውያ ነው። «አጥፍቻለሁ!» ብላ ሳትጮህ አትወጣም።

ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ሁለተኛው የበር ቁልፍ እሷ ዘንድ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስትከፍት ካውያው ግሎ አድሯል። ራሷ ሮጣ ለስፌት ቤቱ ባለቤት ተናገረች። በሁለተኛው ቀንም ያው። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ የተረሳ ሸሚዝ ነደደና በአሸዋው አጠፉት።

ማታ ተመልሳ ለግሏ የሰው ልብስ ትተኩሳለች ተባለ። እኔም አፌ መች ያርፋል! ፌስታል ይዛ ስትወጣ አይቻለሁ አልኩ። ያየሁት ፌስታሉን ነው፤ ውስጡን አፌ ሞላው።

ሁሉም ባሉበት አቆሟት።

«ቀይዋ ስትጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔ ደግሞ በሰው ቃል አላድርም። በገዛ ጣቴ ነው የማጠፋው።»

«እኔም አጥፍቻለሁ፣ እርስዎም አጥፍተዋል፤ ታዲያ ማን አበራው?»

«በይ እንግዲህ፣ ካውያው ጨለማ ፈርቶ ነው በያ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም፣ «ረስቼም ይሆናል፤ በልጆቼ ይቅር በሉኝ» አለች። ያላደረገች ሰው ይቅርታ ትጠይቃለች? ቁልፉን ተቀብለው አሰናበቷት። ፊቷን በሻርፕ ሸፍና በደጄ ስታልፍ በመጋረጃዬ ቀዳዳ አየኋት።

አዲሷ ተኳሽ ፈሪ ናት፤ ካውያውን አጥፍታ ሶኬቱንም ነቅላ ነው የምትሄደው። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጨርቅ አልጠቆረችም። «አላልኩሽም?» ተባባልን።

የቀድሞዋ ተኳሽ ዛሬ በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ በእኔ ደጅ ግን አታልፍም። ባለቤቲቱ ለዋና ሰፊው የምስጋና ወረቀት ሰጠችው፤ አስነብቦ ኪሱ ከተተው። ባለፈው ወር ደግሞ የዓይን ሞራው ተገፈፈለት።

ወደ ሥራ በተመለሰበት ቀን፣ ሁሉም ወጥተው ሲያልቁ፣ እንደ ልማዱ ጣቱን ሰድዶ ጠቅ አደረገ፤ ጠፍታ የነበረችው ቀይ መብራት በራች።