አይፈርሴ ሜዳ

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሂባ፣ ከፕሪንተሩ የወጣውን ወረቀት ከወንድሟ እጅ መንጭቃ።

ሙሐሲን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም። «ታሪክሽ ነዋ።»

«የኔ ታሪክ ‹ዋሪማ ከተማ ስትቆረቆር ሰባት ነገዶች በጨው ተማማሉ› ብሎ ነው የሚጀምረው?»

ዘወር ብሎ ወረቀቱን አየና ራሱን አከከ። «ውይ! ፋይሉ ተሳስቷል።»

ኦሎምፒያ፣ ታክሲ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለችው የአቶ ተከስተ ፎቶ ኮፒ ቤት ለሁለት ሰው ትጠባለች። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል። ሂባን የመረጣት የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ጽሕፈት ቤት ቄራ ነው፤ የአዲስ ተጫዋቾች ምዝገባ የሚዘጋው ልክ አሥር ሰዓት ላይ። ሂባ ለዚህ ቡድን ለመመረጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትሮጥ የአውራ ጣቷ ጥፍር ወልቋል። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከስንት ልጆች መሀል ተመርጣ አሁን የቀራት በቡድኑ ጥያቄዎች መሠረት የሚሞላ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው፤ የት ጀመረች፣ ለማን ተጫወተች የሚል። «እኔ እጽፍልሻለሁ፣ ሥራዬ አይደል?» ብሎ ሳምንት ያስጠበቃት ይሄው ታላቅ ወንድሟ ነው።

ሥራው! ከኮሌጅ ጓደኛው ጋር አንድ የኮምፒውተር ጌም መሥራት ከጀመሩ አምስት ዓመታቸው ነው። ጌሙ እስካሁን አይንቀሳቀስም። በውስጡ ያሉት ከተሞች ግን ታሪክ ሞልቷቸዋል፤ ማን እንደቆረቆራቸው፣ መቼ እንደተቃጠሉ፣ ገበያቸው በምን ቀን እንደሚውል፣ ሙሐሲን አንድም ሳያስቀር ጽፏል። እናታቸው «ልጄ የሌለ አገር የቀበሌ ሊቀመንበር ሆነ» ትላለች።

«ትክክለኛውን ክፈተዋ!»

ፍላሹን ነቀለ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ሰካው። «ማለቴ… እሱ የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም?»

«ጀምሬው ነበር ሂቡ። ስንት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት፣ በቃ አልመጣልህ አለኝ።»

«ሰባት ነገድ ለማስማል ያላቃተህ ሰውዬ አንድ እህትህ አቃተችህ?»

ስልኳ ጠራ። የቡድኑ ጸሐፊ ወይዘሮ መብርሂት ናቸው። «ልጄ፣ የት ደረስሽ? ያንቺ ብቻ ነው የቀረው። አሥር ሰዓት ሲሞላ መዝገቡን ዘግቼ ነው የምወጣው።»

«መጣሁ እትዬ መብርሂት፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ።»

አቶ ተከስተ ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ብለው አዩዋት።

«ጻፍ!» አለች ስልኩን ዘግታ። «አንድ ቃል እንዳትጨምር። ካዛንቺስ ተወለደች። ለትምህርት ቤቷ ተጫወተች። ከዚያ ለቂርቆስ ታዳጊዎች፣ ሁለት ዓመት፣ ግራ ክንፍ።»

ጣቱ ፈጣን ነው፤ እሱን አትክድም። ከላይ እስከ ታች ሞልቶ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «መጀመሪያ የተጫወትሽበት ሜዳ ይላል።»

ከቤታቸው ጀርባ የነበረው ባዶ መሬት ስም አልነበረውም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከወንዶች ጋር ስትጋፋ ያደገችበት ነው፤ ሁሉም «ሜዳ» ብቻ ነበር የሚለው። የዛሬ አራት ዓመት በቆርቆሮ ታጠረ፤ ወዲያው የሕንፃ መሠረት ተቆፈረበት። ያን ጊዜ ታኬታዋን አልጋ ሥር ወርውራ ኳስ እርም አለች። ቤት ውስጥ ማንም ምንም አላላትም። ልብ ያለው ሰው ያለም አልመሰላት።

«ስም የለውም፣ ዝለለው።»

«ባዶ መተው አይቻልም ይላል እኮ።»

«ታዲያ ምን አባቴ ልበል!» አለችና የያዘችውን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ጠፍ አደረገችው። ዓይኗ መሀሉ ላይ አረፈ።

‹ከዋሪማ በስተደቡብ አይፈርሴ የሚባል ሜዳ አለ። ሹማምንቱ ሦስት ጊዜ አጠሩት፣ ሕዝቡ ሦስት ጊዜ አጥሩን ነቀለ። በዚያ ሜዳ በግራ እግሯ የምትጫወት አንዲት ልጅ ነበረች። ልጅቱ ኳስ ያቆመች ጊዜ የከተማዪቱ ነጋዴዎች ስምንት ወር ሱቃቸውን አልከፈቱም።›

ስምንት ወር። ወደ ኳስ እስክትመለስ የቆየችበትን ጊዜ እሷ ራሷ ቆጥራው አታውቅም ነበር። አሁን በጣቷ ቆጠረችው፤ ከኅዳር እስከ ሐምሌ፣ ልክ ስምንት።

«ይሄን መቼ ነው የጻፍከው?»

ሙሐሲን ጣቷ ያረፈበትን አየና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። «ያኔ ነዋ፣ አንቺ አቁመሽ የተመለስሽ ጊዜ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?»

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። የምትለው ሞልቷል፤ ሰዓቱ ግን ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

«አይፈርሴ ብለህ ጻፍ።»

«ኧረ ሂባ፣ ኦፊሻል ወረቀት ነው!»

«ጻፍ አልኩህ!»

ጻፈ። ወረቀቱ ገና ትኩሱን ሲወጣ ባንኮኒው ላይ ፈረመችበትና ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ስልኳ ጠራ።

«ልጄ፣ እስክትደርሺ መዝገቡን ልሙላልሽ፣ በስልክ አንብቢልኝ» አሉ ወይዘሮ መብርሂት። እየሮጠች አነበበችላቸው። ከወዲያ በኩል የብዕራቸው ድምፅ ይሰማል። «እሺ… መጀመሪያ የተጫወትሽበት ሜዳ?»

«አይፈርሴ ሜዳ፣ ካዛንቺስ።»

«አይ… ፈር… ሴ» አሉ እየጻፉ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። «እኔም የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ የሚባል ሜዳ ሰምቼም አላውቅ። የት ጋ ነው?»

የታክሲው ረዳት «ቄራ! ቄራ! አንድ ሰው!» እያለ በሩን ይዞላታል። ሂባ አንድ እግሯን አስገብታ ወደ ኋላ ዞረች። ሙሐሲን የዋሪማን ወረቀት በእጁ እንደያዘ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ደፍ ላይ ቆሟል።

«ፈርሷል፣ እትዬ» አለች።